በእህቴ ጋን የተቀመጠው ኮምጣጣ ቢራ

የእህቴ ባል የጠመቀውን ቢራ መጀመሪያ የቀመስሁ ዕለት፣ ሰው ሆን ብሎ ካላበላሸው በቀር ገብስ እንዲህ አይሆንም ብዬ አሰብሁ። ሆን ብሎ ነበር።

አዲስ አበባ አንድ ትልቅ የቢራ ፋብሪካ ውስጥ ዓመታት ሠርቶ ከወጣ በኋላ፣ ሐይቅ ላይ በእህቴ ጓሮ የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ የራሱን ጠመቃ ጀመረ። ሁለት የማይዝግ ብረት ታንከር አለው። በእነሱ ተራውን ቢራ ይጠምቃል፤ ኮምጣጣውን ደግሞ በፕላስቲክ ጀሪካን ይሞክራል። በውጭ አገር ሰው ተሰልፎ ነው የሚጠጣው ይለናል። ስለ ጠመቃ የማውቀው ከእህቴ ጓዳ ያየሁትንና ከስልኬ ያነበብሁትን ነው። እንዲህ ያለ ቢራ መኖሩን አንብቤያለሁ። ኮምጣጣና የተበላሸ ግን ለየብቻ ናቸው። ኮምጣጣ ምላስን በግራና በቀኝ ይይዛል፤ የተበላሸ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የእሱ ጉሮሮ ላይ ይቀር ነበር።

እህቴ ጠላ ሻጭ ናት። ዓመቷን የሚያቆመው የመስከረሙ የግሸን ጉዞ ነው፤ ተሳላሚው ከአውቶቡስ ወርዶ እሷ ቤት ሳይጠጣ አያልፍም። ለዚያ ጊዜ የምትጠምቅበት አንድ ትልቅ ጋን ነበራት፣ እናታችን ከአምባሰል በሰው አሸክማ ያስመጣችው። በግራዋ ቅጠል ታሸዋለች፣ በወይራ ታጥነዋለች፣ በመጨረሻ ሌላ ሴት ስታደርገው ያላየሁትን ታደርጋለች፤ የደረቀ የትርንጎ ልጣጭ ፍሙ ላይ ጣል ታደርጋለች። ደንበኞቿ ጠላዋን የሚለዩት በዚያች ሽታ ነው። ከመስከረም በኋላ ጋኑ ጓዳ ጥግ ተከድኖ ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ በአንድ እሑድ ባልየው «ቅምሻ» ብሎ ጠራን። የእህቴ የድሮ ደንበኛ የሆኑ አንድ ሽማግሌ መጡ። ከሳዑዲ ተመልሶ ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛዬም ነበር። እሱ አይጠጣም። ማሽተት ሐራም ነው ያለ የለም ብሎ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ዘይቱን የገባበት ነው ተባለ። ባልየው በትንንሽ ብርጭቆ ቀድቶ አደለን። ሽማግሌው ብርጭቋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ምነው አባባ? ይቅመሱ እንጂ!»

«አንተ መቼ ቀመስህ?»

እኛ ዘንድ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል። ሕፃንም ያውቀዋል።

«በዘመናዊ ቅምሻ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለ።

«እንግዲያው ዘመናዊው ይጠጣዋ።»

ጓደኛዬ የእኔን ብርጭቆ አንሥቶ አሸተተ። «ወላሂ፣ የባጃጄ ባትሪ ሲፈላ እንዲህ ነው የሚሸተው!»

ሁለተኛው ማንጎ ነበር። ባልየው ወደ እኔ ዞረ። «ዋርሳዬ፣ አንተ ታነባለህ። እስኪ ንገራቸው።»

«ማንጎው የለም» አልሁ።

«እንዴት የለም?»

«ማንጎ ተብሏል። የለም።» እርጥቡ ሳይደርቅ የታጠፈ ጨርቅ ነበር የሚሸተው።

«የጠላ አፍ ይዛችሁ ቢራ ምን ይገባችኋል!» አለና ሦስተኛውን በጆግ ይዞ መጣ። ይኼኛው በእንጨት በርሜል የቆየ ነው፣ ለደሴ ሆቴሎች ነው ያሰብሁት እያለ ተኩራራ።

ሽማግሌው እጃቸውን አልዘረጉም። እህቴ አፈረች መሰለኝ፣ ተነሥታ ጆጉን ከእጁ ወሰደች። «አምጣ፣ እኔ እቀዳለሁ።» እንደ ልማዷ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ከዚያ መዳፏን አሸተተችው። ለሽማግሌው አልቀዳችም፤ ወደ እኔ መጣች።

«ቅመስ።»

መጀመሪያ ኮምጣጣው መጣ፣ ምላሴን ግራና ቀኝ ያዘው። ቀጥሎ የወይራ ጭስ። ከጭሱ ኋላ፣ በጣም ቀጥኖ፣ ያ ልጣጭ። ከሦስቱ የሚጠጣው እሱ ብቻ ነበር። ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

«ትርንጎ» አልኋት።

«የምን ትርንጎ? የበርሜሉ እንጨት ነው» አለ ባልየው።

«የቱ በርሜል?» አለችው። «አሳየኝ።»

«ጋኑ ባዶውን ቁጭ ብሎ አይደል እንዴ!» አለ ባልየው። «በሙቅ ውኃና በሶዳ አጥቤ እመልስልሻለሁ።»

«ሸክላ ይታጠባል? ሸክላ እኮ ይጠጣል! ያጠጣኸው ውስጡ ገብቷል።»

«በታንከርህስ ለምን አላቆየኸውም?» ብዬ ጠየቅሁት። ምክንያቱን እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት። የሚያኮመጥጠው ነገር አንድ ጊዜ ዕቃ ከያዘ ቀጥሎ የሚገባውንም ያኮመጥጣል። ለብረቱ ሰግቶ ነው በእሷ ጋን ያደረገው።

«ታንከር በስንት እንደሚገዛ ታውቃለህ?» አለኝ።

እህቴ ጆጉን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ጋኑን በዚያው ሳምንት እጇ እስኪጠቁር በግራዋ አሸችው፣ ደጋግማ አጠነችው፣ ጌሾውን ጠነሰሰች። ሌላ ያን ያህል የሚይዝ ዕቃ አልነበራትም፤ ታንከሮቹንም አልለመነችውም። ተሳላሚው ሲመጣ ጋኑ ተከፈተ። መጀመሪያ የተቀዳው እንደ ወትሮው ለሽማግሌው ነበር፤ እሷ ቀምሳ፣ ፊቷን ሳትለውጥ ሰጠቻቸው። አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ።

«እታለም፣ ይኼ የባልሽ ነው» አሉና መለሱላት።

አውቶቡሶቹ መጡ፤ ሰዉ ማዶ ካለው ቤት ጠጣ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር።

ተሳላሚው ተመልሶ ካለቀ በኋላ ባልየው ከደሴ ደስ ብሎት መጣ። ሆቴሎቹ ዘይቱኑንም ማንጎውንም መልሰውበታል፤ የፈለጉት ሦስተኛውን ብቻ ነው።

«ጋኑን እንደዚያው በትርንጎ አጥኚልኝ» አላት። «ያለ እሱ አይጥምም። ለጠላ እንደሆነ ከእንግዲህ አይሆንሽ።»

እህቴ ጓዳ ገብታ ጋኑን እያንከባለለች አወጣችው። ቀና ብላ «ዘነዘናውን አምጣልኝ» አለችኝ። አመጣሁላት።

«አብደሻል እንዴ? የእናትሽ አይደለም ወይ?»

«የእናቴማ ነበር።»

አንዴ መታችው፤ አልተሰበረም። ሁለተኛው አፈረሰው። ግቢው ኮመጠጠ።

በሩ አጠገብ እህቴ ሰሞኑን ከአምባሰል ያስመጣችው አዲስ ጋን ቆሟል፣ ገና ጥሬ የሸክላ ሽታ ያለው፣ እንደ ድሮው ለመሆን ስንት መስከረም እንደሚፈጅበት የማይታወቅ። ከስብርባሪው የጋኑ ሆድ የነበረውን ሰፊ ገል መርጣ አነሣች። እሳት ላይ አግላ አቃጠለችው፣ ኮምጣጣው እስኪወጣለት። ከዚያ ፍም ጫረችበት፣ የወይራ ስንጣሪ አደረገችበት፣ ከመቀነቷ ልጣጩን ፈትታ ጣል አደረገችበት። አዲሱን ጋን ጭሱ ላይ እንድንደፋው እኔ ባንድ በኩል ያዝሁላት።

ባልየው አሁንም ቆሟል። «ለእኔስ?» አለ።

«አንተ ታንከር አለህ» አለችው።