አባ ስንዝርና የጠበበው በር

መኪና የሚባለው ነገር በወሬ ብቻ በሚታወቅበት ዘመን፣ ተራራው ወገብ ላይ አንድ ግንበኛ ይኖር ነበር። ገመድ ይረግባል፣ እንጨት ይጣመማል፣ ስንዝር ግን ባለቤቱን አይከዳም ባይ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ «አባ ስንዝር» አለው፤ እሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀበለው።

ቤቱን በድንጋይ የገነባው ራሱ ነው። ነፋሱን ፈርቶ በሩን አጠበበው። ሚስቱ እንጨት ተሸክማ በገባች ቁጥር ክርኗ ይላጣል።

«አንተ ሰው፣ ይህን በር ለእኛ ነው ወይስ ለድመት የሠራኸው?»

«ነፋስ እንደ ክፉ እንግዳ ነው፤ በሩ ከሰፋለት ጓዙን ይዞ ይገባል።»

ይህ ክርክር ሃያ ዓመት ሞላው።

አንዲት ልጃቸው ለሸለቆ ሰው ታጨች። «ከአባባ እጅ የወጣ ሣጥን ካልያዝኩ አልሄድም» አለች። አባ ስንዝር ቃል ገባ። ክረምት ስለነበረ ሥራውን ቤት ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ጀመረ። አስቀድሞ በሩን ለካ፤ ሦስት ስንዝር። የሣጥኑን ወርድም ከፍታም ሁለት ተኩል አደረገ። ምስማር አላስነካውም፤ በእንጨት ችንካር አያይዞ በሙጫ አጣበቀው። ቢፈታ ማገዶ እንጂ ሣጥን አይሆንም።

በክረምቱ አጋማሽ ነፋሱ ሲበረታ፣ በሩን ከውስጥ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ረድፍ ድንጋይ ጨመረበት። ቤቱ ሞቀ፤ ሚስቱ እንኳ ለአንድ ሰሞን አመሰገነችው።

ክረምቱ አልፎ የሙሽራው ወገኖች በቅሎ ነጂ ላኩ። ሣጥኑ ግን በሩ ላይ ተሰነቀረ። በጎን ቢሉት፣ በቁም ቢሉት እምቢ አለ።

«አባት፣ ይህ ነገር አይወጣም» አለ በቅሎ ነጂው።

«ይወጣል! ለክቼዋለሁ።»

«ሣጥኑን ነው በሩን?»

«ሁለቱንም!»

በቅሎ ነጂው ሽቅብ አየ። «ጭጋጉ እየወረደ ነው፤ ቀትር ካለፈ ቁልቁለቱ አይታይም። ሣጥኑን ትተን ልጅቷን እንውሰድ።»

ልጅቷ ሄዳ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለች። «እንግዲያው እኔም የሣጥኑ እቃ ነኝ፤ አብሬው እቀራለሁ።»

አባ ስንዝር ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ፊቱን ግን አጨፍግጎ የበሩን ድንጋይ እንደ አዲስ በስንዝሩ ይለካ ጀመር። አንዴ ለካ፤ ደገመ። ሦስተኛውን ሊጀምር ሲል ሚስቱ ዶማውን አምጥታ እግሩ ሥር ጣለችው።

«ልጅህን ቤት አታስቀርብኝ እንጂ፣ የፈለግኸውን አፍርስ።»

ዶማውን አነሣ። የጨመረውን ረድፍ ብቻ ቢያነሣ በበቃ፤ እሱ ግን የድሮውንም ግንብ ጨምሮ ናደው።

«ድሮም ላሰፋው አስቤ ነበር» አለ፣ አቧራውን እያራገፈ።

ማንም አልሳቀም። በቅሎ ነጂው ወደ በቅሎው ዞሮ ጆሮዋን አከከላት። ሣጥኑ ወጣ፤ ልጅቷም ተከተለችው።

በተከታዩ ክረምት ነፋሱ ጓዙን ይዞ ገባ። ሃያ ዓመት ስለ በሩ ጥበት የተነጫነጨችው ሚስት፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ለመነችው።

«አንተ ሰው፣ በሩን መልሰህ ብታጠበውስ?»

«እንዴት ተደርጎ! ሣጥኑ የመጣ ዕለት በየት ሊገባ ነው?» አለ፣ ዓይኑን ከቁልቁለቱ ሳይነቅል።

ሚስቱ ብርድ ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ሰፊው በር ላይ አጠገቡ ቆመች።