የምክር ቤቱ ሰው ደጃችን የመጣ ጊዜ

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት እማማ የወሎ ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ቱነልባና የሚባለውን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። በሠራተኛ ማኅበራቸው በኩል ፓርቲ ውስጥ የገቡትም በዚያ ዘመን ነው። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር ስመጣ ፓርቲ የሚባል ነገር ደጅ ላልደርስ ለራሴ ምዬ ነበር። ስብሰባ እየተጠራን፣ ስማችን እየተመዘገበ ነው ያደግነው፤ ባለሥልጣን ፈገግ ሲልልኝ ዛሬም መውጫውን በዓይኔ እፈልጋለሁ።

ካቻምና በጥር እማማ ከሕንጻችን ወደ ዩልስታ ጣቢያ በሚያወርደው ደረጃ ላይ አንሸራቷቸው ወደቁ። የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ደረጃው የሚይዙት ብረት የለውም፤ አጠገቡ ያለው መብራትም ከጠፋ ሰንብቷል። እኔ ተናድጄ አካባቢያችንን ለሚወክለው የምክር ቤት አባል ደብዳቤ ጻፍኩ። አስተያየቴን እንደተቀበለና ለሚመለከተው ክፍል እንዳስተላለፈ መለሰልኝ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሜ ጻፍኩ። ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነበር።

ከዚያ በመስከረም አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ እማማ ቤት መጋረጃ እየሰቀልኩ ሳለ ደወል ተደወለ። ስከፍት ራሱ ሰውየው ቆሟል። ጫማውን አውልቆ ገባ። ከቦርሳው ወረቀት አወጣ፤ የእኔ ደብዳቤ ነው፣ አንዳንድ መስመር በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል። የእማማ እጅ እንዴት እንደሆነ ጠየቀ፤ የተሰበረው የግራው እንደሆነም ያውቃል። እኔ ወንበር ላይ እንደቆምኩ፣ መጋረጃው በእጄ እንዳለ፣ ይሄ ሰው ምን ፈልጎ ነው እያልኩ አየዋለሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ።

እማማ ግን ሻይ እንኳ ሳያቀርቡ ካፖርታቸውን ለበሱና ደረጃውን አብረን እንይ አሉት። ወረድን። ሰውየው መሃል ላይ ሲደርስ ሚዛኑን ሊጠብቅ እጁን ወደ ጎን ዘረጋ፤ የሚይዘው ግን የለም። እማማ ቆመው አዩት።

ከሄደ በኋላ እማማ የመጣበትን ምክንያት ነገሩኝ። የእሳቸውና የሰውየው ፓርቲ አንድ ነው፤ ፓርቲው ለሚመጣው ምርጫ የእጩዎቹን ቅደም ተከተል ለመወሰን የአባላቱን ድምፅ ይሰበስባል፤ ፕሮቭቫል ይሉታል። ዝርዝሩ ላይ ወደ ታች የወረደ ሰው ወንበሩን ሊያጣ ይችላል። እስከ ዛሬ እሱን የሚገዳደር አልነበረም። አሁን ግን ከጎረቤት ሰፈር ከስፖንጋ አንዲት የፓርቲው አባል የሆነች ፋርማሲስት ተነሥታበታለች፤ በሰፈራችን ደግሞ ድምፅ የሚሰጠው አባል በጣት የሚቆጠር ነው።

«ታዲያ የመጣው ለእርስዎ እጅ አይደለማ» አልኳቸው።

«አይደለም» አሉኝ። «ለድምፄ ነው የመጣው። ድምፄ ያለው ግን እኔ ጋ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያ ደረጃ ነው የምወርደው።»

ወሩ ሳያልቅ ሠራተኞች መጥተው ብረቱን ተከሉ፤ መብራቱም በራ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጥርጣሬዬ ባሰ። ሁለት ደብዳቤ ያላንቀሳቀሰውን አንድ ቅዳሜ ካንቀሳቀሰው፣ መጀመሪያውኑ የከለከለው ምን ነበር? ፋርማሲስቷም ብትሆን አላሳመነችኝም። ብረቱ አጠገብ ቆማ ፎቶ ተነሣችና በእሷ ግፊት እንደተሠራ ጻፈች። እማማን ልትጎበኝ ስትመጣ ከቤተ መጻሕፍቱ የመክፈቻ ሰዓት እስከ ሕንጻው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ድረስ ሁሉን አስተካክላለሁ አለች። ይህን ሁሉ የሚችል ሰው አለ ብዬ አላምንም።

የፓርቲው የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ ሲመጣ እማማ መነጽራቸውን አድርገው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። እንዳላይ ፊቴን ላዞር ስል እዚያው ቁጭ በል አሉኝ። ፋርማሲስቷን አንደኛ፣ እሱን ሁለተኛ አደረጉ። እኔ ከእሷ ይልቅ እሱን እንደሚመርጡ እርግጠኛ ነበርኩ።

«ብረቱን ያስተከለው እኮ እሱ ነው» አልኩ።

«ስለፈራ ነው ያስተከለው» አሉ እማማ፣ ፖስታውን እየዘጉ። «እንዳይረሳ ትንሽ ይፍራ ብዬ ነው። አብሽር፣ አይወድቅም።»

እንዳሉትም አልወደቀም፤ ፋርማሲስቷን በጠባብ ልዩነት ቀደማት። እኔ ይኼኔ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ልፈትነው ተነሣሁ። በበረዶ ጊዜ መንገዳችን ዘግይቶ እንደሚጠረግ ጻፍኩለት። በሁለተኛው ቀን ስልክ ደወለ። ማንን እንዳነጋገረ፣ መልሱን መቼ እንደሚያውቅ ነገረኝ፤ ባለው ቀንም መልሶ ደወለ። ፋርማሲስቷ በሚቀጥለውም ጊዜ እንደምትወዳደር ተናግራ ስለነበር፣ ስልኩን ዘግቼ ስለ እሱ ደግነት ሳይሆን ስለ እሷ አሰብኩ።

ባለፈው የካቲት እኔም የአባልነት ቅጹን ሞላሁ። ሚስቴ ሰምታ ሳቀችብኝ። በመጀመሪያው ስብሰባ በር አጠገብ፣ ቶሎ መውጣት የሚያስችል ወንበር መርጬ ተቀመጥኩ። ሰውየው ገና ሲገባ አየኝና አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ፕሮቭቫል ድጋፌን ተስፋ ማድረግ ይችል እንደሆነ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀኝ። ገና አልወሰንኩም አልኩት። እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ በሰፈራችን ሌላ የጎደለ ነገር ካለ እንድነግረው ጠየቀኝ።