ሁለት በዓል በአንድ ቀን የዋለ ጊዜ

ከምሠራበት ሕንፃ ጀርባ ገልባጭ መኪና ጠጠር ባራገፈ ቁጥር ሥራዬን አቋርጬ ቀና እላለሁ። የሮቢ ወንዝ ሲሞላ ከሥሩ ድንጋይ እያንከባለለ የሚያሰማው ድምፅ ልክ እንደዚያ ነው። እኛ የሸዋ ሮቢት ልጆች ጎርፍን የምናውቀው በዝናብ ሳይሆን በዚህ ድምፅ ነበር፤ እኛ ዘንድ ፀሐይ እየከረረ ከወንዙ ራስጌ ደጋው ደብረ ሲና ላይ ሰማዩ ይጠቁርና፣ ጥቂት ቆይቶ ወንዙ ጭቃ ለብሶ፣ ድንጋዩን እያንጓጓ ይደርስ ነበር።

መንደራችን ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነበረች፤ ቦታውን እጥፋቱ እንለው ነበር። ውሃው እዚያ ሰፍቶ ይተኛል፤ የመስኖው ቦይ የሚነሣውም፣ ሽንኩርቱና ማንጎው የሚጠጣውም ከዚያ ነበር። ዳርቻውን ደግፎ የያዘው ለዘመናት የተከማቸው አሸዋ ነው፤ አሸዋው ከወጣ ዳርቻው ይናዳል፣ ዳርቻው ከተናደ ደግሞ ወንዙ እርሻውን አቋርጦ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ መጀመሪያ የሚያገኘው የእኛን ቤት ነበር።

በበጋ ወንዙ ሲጎድል አሸዋ እየቆፈሩ በመኪና የሚወስዱ ጫኞች እጥፋቱን እየዞሩ ያዩ ነበር። መንደሩ ሁለት የውሃ አባቶች መርጦ ነበር፤ አንዱ አባቴ ታዬ፣ ሁለተኛው ጎረቤታችን ጋሼ ሰይድ፤ የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉትም፣ የእጥፋቱን ጥበቃ የሚመሩትም እነሱ ነበሩ። የጥበቃው ሥርዓት ቀላል ነበር፤ ክርስቲያኑ በዓል ሲኖረው ሙስሊሙ ይጠብቃል፣ በጁምዓ ሰዓትና በዒድ ደግሞ ክርስቲያኑ ይቆማል። የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ ማንም ግን ተሳስቶ አያውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት አረፋ ከጥር ሚካኤል ጋር በአንድ ቀን ዋለ።

ታቦት አጅበን ስንመለስ፣ ወደ እጥፋቱ በሚያስገባው መንገድ ላይ ከመኪና እየተንጠባጠበ የሄደ እርጥብ አሸዋ አየሁና ወደ አባቴ ሮጬ ሄድኩ።

«አባባ፣ መንገዱ ላይ እርጥብ አሸዋ ፈሷል።»

«ዛሬ የሰይድ ተራ ነው፤ እሱ ያውቃል» አለኝና ወደ ጭብጨባው ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት እጥፋቱን ተቦርቡሮ አገኘነው። ቤት የሚያህል ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ የዳርቻው ሥር ተገልጦ ነበር። ሁለቱ የውሃ አባቶች ከጉድጓዱ ወዲህና ወዲያ ቆሙ።

«ሰይድ፣ ትናንት የት ነበርክ?»

«የት እሆናለሁ? አረፋ አይደል እንዴ! በግ እየገፈፍኩ መኪናውን ሰምቼዋለሁ፤ ‹ታዬ አለ› ብዬ ተውኩት። አንተስ?»

«ሚካኤል ነበር እኮ!»

«ሁለት ጎምቱ ሰዎች አንድ ቀን መቁጠር ያቅታችሁ?» አለች እናቴ ከኋላ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሹክሹክታው ተጀመረ፤ በእኛ በኩል «አውቀው ነው የተዉት» ሲባል በእነሱም በኩል ይኸው ይባል ነበር። አባቴና ጋሼ ሰይድ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንተ ተባብለው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ያን ሰሞን ግን መንገድ ላይ ሲገናኙ «እንደምን አደሩ» ተባብለው ያልፉ ጀመር። እኔን ከጉድጓዱ በላይ ያስፈራኝ ይህ አንቱታ ነበር።

በልግ ሲገባ ሁሉም በማዳበሪያ አሸዋና ድንጋይ እየተሸከመ ዳርቻውን መደገፍ ጀመረ፤ ሆኖም ክርስቲያኑ ከላይ፣ ሙስሊሙ ከታች ጀምሮ ለየብቻ ይሠራ ነበር። ሁለቱ ግንቦች እየተቀራረቡ መጥተው አንድ የተጫነ አህያ የሚያሳልፍ ክፍተት ሲቀር ሥራው ቆመ። ያ ክፍተት የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ እኛም እነሱ ይዘጉታል ስንል፣ እነሱም እኛን ሲጠብቁ፣ ክረምት ገባ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀትር፣ ፀሐይዋ እንደከረረች፣ ድንጋዩ ሲንጓጓ ተሰማ። እጥፋቱ ጋ ስንደርስ ወንዙ ክፍተቱን አግኝቶት ነበር፤ በዚያ ገብቶ ከግራና ከቀኝ ማዳበሪያዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ነበር። ውሃው ጓሯችን ደርሶ ሁለት መደብ ሽንኩርት ወሰደ። እናቴ ዕቃ ማውጣት ጀመረች፤ አባቴ ግን መጥረቢያ ይዞ ደጃችን ላይ ወደነበረው ማንጎ ሄደ። የተከለው አያቴ ነበር። አባቴ ቆርጦ ጣለው፤ ግንዱን በገመድ አስረን፣ ቅርንጫፉ ወደ ውሃው እንዲዞር እየጎተትን ክፍተቱ ውስጥ ከተትነው። ውሃው ዛፉን ያዘና እንደ ጭራሮ አዞረው። አንድ ዛፍ እንደማይበቃ ለእኛ ለልጆቹም ገባን።

ያኔ ከጋሼ ሰይድ ጓሮ ሌላ መጥረቢያ ሰማሁ። የእሱ ማንጎ ከእኛው ይተልቅ ነበር፤ በጥላው ሥር የሚሰግድበት ዛፍ ነው። ከልጆቹ ጋር እየጎተተ መጣና፣ አባቴ ቆሞ ሲያየው ጊዜ ጮኸበት።

«ታዬ! አፍህን ከፍተህ ታየኛለህ? ገመዱን ያዝ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!»

አባቴ ገመዱን ያዘ። ሁለቱ ዛፎች ተቆላልፈው ሲገቡ ሰዉ ከሁለቱም በኩል ማዳበሪያ ከላያቸው ቆለለ፤ ወደ ማታ ውሃው ሲጎድል ግንቡ እንደቆመ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥርዓት ወጣ። ሁለት በዓል በአንድ ቀን ከዋለ፣ እጥፋቱን የሚጠብቁት ሁለቱ የውሃ አባቶች ራሳቸው ሆኑ። አንዱ የሌላውን ሥጋ ስለማይበላ፣ በዓመት በዓል ቀን ሽሮ ይወሰድላቸውና ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር። «ያጠፋ ሰው ሽሮ ይበላል» ይል ነበር ጋሼ ሰይድ፣ እየጠቀለለ።

አሁን ዳርቻው በሽቦና በድንጋይ ታስሯል፤ ወጣቶቹም በስልክ እየተጠራሩ ይጠብቃሉ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። በእነዚህ ዓመታት በአካባቢያችን ብዙ ነገር ተቃጥሏል፣ ብዙ ሰው ከጎረቤቱ ተለያይቷል፤ ሥራዬ ዜና መጻፍ ስለሆነ ጽፌዋለሁ። ቢሆንም አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር በቀን መቁጠሪያው ላይ መጀመሪያ የምፈልገው ሁለት በዓል የገጠመበትን ቀን ነው። በቅርቡ መውሊድ ከደመራ ጋር ሲገጥም፣ ሽሮ ይዤ ወደ እጥፋቱ ወረድኩና አባቴ ይቀመጥበት በነበረው ድንጋይ ላይ ከጋሼ ሰይድ ጎን ተቀመጥኩ።

«ዛሬ ሥራ የለሽም?» አለኝ።

«ተራዬ ነው» አልኩት።

ትሪው ገና ሳይነካ ከመንገዱ በኩል የመኪና ድምፅ መጣ። ጋሼ ሰይድ ከዘራውን ተደግፎ፣ እኔም ከድንጋዩ ላይ፣ እኩል ብድግ አልን። በአስፋልቱ ወደ ካራቆሬ ከተማ የሚያልፍ የጭነት መኪና ነበር። እስኪርቅ ድረስ ግን ሁለታችንም አልተቀመጥንም።