አራተኛው የኮት ቁልፍ

ሻይ ቤት አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ልብስ ሰፊ ሳትሆን አትቀርም፤ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነው የመጣችው። የኮት ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አንዱን ታስጠጋለች፣ ሌላውን ታርቃለች፣ በሜትሩ ትለካለች። እኔ ደግሞ አያገባኝም ብዬ የማልፍ ሰው አይደለሁም።

«እትዬ፣ ምን ጨዋታ ነው?»

«የምን ጨዋታ ወንድሜ! ነገ ልጄን እድራለሁ። እነዚህ ሦስቱ ወንድሞቼ ናቸው፤ አይነጋገሩም። ሁሉም በተኳረፈው ልክ ተራርቆ ይቀመጥ ብዬ ነው። አለዚያ ሠርጉ ድብድብ ይሆናል።»

የሦስቱ ኩርፊያ እኩል ስለሆነ እንደ ጉልቻ አስቀመጠቻቸው። ሲያምሩ! ችግሩ አራተኛው ነው፤ ከሦስቱም ጋር በዚያው ልክ የተጣላ። ከአንዱ ስታርቀው ሌላው ጉያ ይገባል። መሀል ስታደርገው ደግሞ ጭራሽ ለሦስቱም ይቀርባል። እኔም እንደተማረ ሰው አገጬን ይዤ አገዝኳት፤ ምንም አልረባኋትም።

«ማነው ይሄ ጉደኛ?»

«የሙሽራዋ አባት ነው። ከተለያየን ቆየን።»

ሻይዋን ጨለጠችና ብርጭቆውን በሦስቱ መሀል ደፋችው። አራተኛውን ቁልፍ የብርጭቆው ቂጥ ላይ አወጣችና ለካች። ከሦስቱም በዚያው ልክ ራቀ።

«አዳራሹ ሰገነት አለው!» አለች፤ ፊቷ በራ።

«ብቻውን እዚያ ላይ?»

ኪሷን ዳበሰች። አንዲት ነጭ ቁልፍ አውጥታ ብርጭቆው ላይ ከጎኑ ለጠፍ አደረገቻት።

«ብቻውንማ ምን በወጣው» አለች፤ «እኔ አለሁ አይደል?»