ሹፌርም ባለዕቃም የሆነ ሰው

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ አሰብ ወደብ በር ላይ፣ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ መዝገብ ያዥ ነበርኩ። «ወደቡ ያለ እኔ ባሕር ብቻ ነው» እል ነበር። ሰሚ ሳጣ ለመስታወት እነግረዋለሁ።

አንድ ቀን አለቃችን ከአስመራ የመጣች የኮምፒዩተር ባለሙያ አመጣብኝ። አዲስ አበባ የተማረች፣ አማርኛዋ ከእኔ የጠራ ሴት ናት። መዝገቦቻችን ዳታቤዝ ወደሚባል የኮምፒዩተር መዝገብ ሊገቡ ነው፤ መጀመሪያ ግን ሥራችንን በሥዕል ማስቀመጥ አለባት። ጠረጴዛዬ ላይ ትልቅ ወረቀት ዘረጋችና ሳጥን ሣለች፤ ውስጡ «ሰው» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሁለት ሳጥኖች አደረገች፤ «ሹፌር» እና «ባለዕቃ»። ስምና አድራሻ የሁሉም ስለሆነ ላይኛው ሳጥን ይይዘዋል። መንጃ ፈቃድ ለሹፌሩ፣ የንግድ ፈቃድ ለባለዕቃው ሄደ። መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ ክብ ሠርታ እርሳሷን አንስታ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ሰው ሹፌርም ባለዕቃም ሊሆን ይችላል?»

«በፍጹም!»

«ያስቡበት። አይችልም ካሉኝ ክቡ ውስጥ ዲ የሚባለውን የፈረንጅ ፊደል እጽፋለሁ፤ ማሽኑ አንዱ ሳጥን ውስጥ ያለን ሰው ሌላው ውስጥ አያስገባም። ይችላል ካሉኝ ኦ እጽፋለሁ፤ ሁለቱም ውስጥ ይገባል።»

«ልጄ፣ እዚህ ወንበር ላይ ስንት ሱሪ ጨርሻለሁ። ሹፌር ሹፌር ነው፤ ባለዕቃ ባለዕቃ ነው።»

ዲ ጻፈች፤ እኔም ከሥሩ ፈረምኩ። አልዋሸሁም። የሹፌሮችን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ፤ የባለዕቃዎቹን የሚይዘው ወዲያኛው መስኮት ያለው ባልደረባዬ ነው። የቢሮው ማራገቢያ፣ ቬንትላቶሩ፣ ወደ ማን ይዙር በሚል ከተኳረፍን ዓመታት ስላለፉ የእሱን መዝገብ ገልጬ አላውቅም።

ማሽኑ ሥራ በጀመረ ሳምንት፣ ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ የደሴ ሹፌር መስኮቴን ደበደበ።

«ጋሼ፣ ማሽናችሁ ሹፌር ተምር አይነግድም ይላል! መውጫ ወረቀት ከለከለኝ። ያለኝን ሁሉ ተምር ላይ አፍስሻለሁ። ዛሬ ካልወጣሁ ደሴ የምደርሰው ሰው ሁሉ ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።»

«አንተ ደግሞ መቼ ባለዕቃ ሆንክ?»

«ይኸው ሁለት ዓመቴ! እዚህ ሹፌር ብለው ይመዘግቡኛል፣ እዚያኛው መስኮት ነጋዴ ብለው ይመዘግቡኛል። እናንተ አትነጋገሩም እንዴ?»

አንነጋገርም።

ባለሙያዋ ፊቷን ስታዞር ሳቋን አየሁት። «ማስተካከሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለች። «ግን ሥዕሉን የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ስህተቱን በጽሑፍ ካላመኑና ማስረጃ ካላሳዩ አለቃ አያስነኩኝም።»

ማስረጃው ያለው ያኮረፈኝ ባልደረባዬ ጋ ነው። ሄድኩ።

«ወይ ጉድ! ቬንትላቶሩን ልትወስድ መጣህ?»

«መዝገብህን ፈልጌ ነው። ተሳስቼ።»

«እስቲ ድገመው፤ ይህ ጆሮዬ አይሰማም።»

ደገምኩለት። ሌላኛውን ጆሮውን አዞረ፤ ለእሱም ደገምኩ።

ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። ከእሱ አንድ ገጽ ላይ ብቻ አራት ሹፌሮቼን አገኘሁ፤ ሹፌር ሆነው ሲመጡ የማውቃቸው፣ ወዲያኛው መስኮት ሲደርሱ ነጋዴ የሚሆኑ። ወረቀት አንስቼ «ሹፌር ባለዕቃም ሊሆን ይችላል፤ አይችልም ያልኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩና ለአለቃችን ሰጠሁት። አንብቦ ቀና አለ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሳታውቅ?»

«ሳላውቅ።»

ባለሙያዋ ዲውን በላጲስ አጥፍታ ኦ ጻፈችና ማሽኑ ላይ ተቀመጠች። ምሳ አልበላችም፤ እኔም አፍሬ አልበላሁም። አሥር ሰዓት ላይ የሰውዬው ስም ሁለቱም ሳጥን ውስጥ ገባ፤ መውጫ ወረቀቱም ታተመ።

መኪናው ተምሩን ጭኖ በሩ ላይ ሲደርስ ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

«ጋሼ፣ አሁንስ እኔ ማን ነኝ?»

«ሂድ ወዲያ! ባለዕቃው አብሮህ ተቀምጧል፤ ቀስ ብለህ ንዳ!»