በየደቂቃው የላክኋቸው ጠባቂዎች

ያረጀ ኮምፒውተር ብዙ ሰዓት ሠርቶ ሲግል ከማራገቢያው ቀዳዳ የሚወጣ ሽታ አለ፤ የሞቀ አቧራና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ። ባለፈው ሳምንት፣ ጎንደር በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝ። ወዲያው አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ የእኔ አዲስ ነገር አልከፍትም አለ» አለችኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ጥቁሩ መስኮት ላይ የማውቀው መልእክት ተጽፏል፦ ተጨማሪ ሂደት ማስጀመር አይቻልም። እንዴት እንደሚስተካከል አሳየኋት። ከዚያ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማብራራት እንደምወድ ስለሚያውቁ ተማሪዎቼ ግራ ገባቸው።

ያንን መልእክት መጀመሪያ ያየሁት በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ባለችው ትንሽ ከተማ በኮኪት ነው። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁበት ዓመት የተመደብኩት እዚያ ነበር። የደረስኩት ሰሊጥ አጨዳ ሲጀመር ነው። ከደጋ የወረዱ ሠራተኞች ማጭዳቸውንና ከረጢታቸውን ይዘው አስፋልቱ ዳር ቆመው የሚወስዳቸውን መኪና ይጠብቁ ነበር። አንዱ የጎጃም፣ ሌላው የወሎ አነጋገሩን ይዞ ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ይጣላል። ሰው በሞላበት ከተማ ውስጥ የእነዚያን ወራት ያህል ብቸኛ ሆኜ አላውቅም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ክፍሌን እጠርጋለሁ፣ የነገውን የትምህርት ዕቅድ እጽፋለሁ፣ መጻሕፍቴን በቁመታቸው እደረድራለሁ። ቀና ስል ሰዓቱ ገና አሥር ተኩል ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት እየተኮማተረ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሌላ ድምፅ የለም።

ግቢው ሦስት ክፍል ነበረው። በአንዱ አከራዬ፣ በአንዱ አንድ የትራክተር መካኒክ፣ በሦስተኛው እኔ እንኖር ነበር። መካኒኩ ሱዳን ብዙ ዓመት ስለሠራ እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ በዓረብኛ «ኡስታዝ»፣ መምህር፣ ነበር የሚለኝ። አከራዬ ከስልሳ ያለፉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ የጭነት መኪና ላይ ይሠራ ነበር። እዚያ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ስልኩ አይገባም። ሲመቸው ግን የድምፅ መልእክት በኢንተርኔት ይልካል።

መልእክቱ የሚመጣው በእኔ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ሲዛወር ትቶልኝ የሄደው ነው። የራሴ ስልክ በመንገድ ላይ ጠፍቶብኝ ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ ብቻ ይዤ ስለነበር፣ ኮምፒውተሩ ላይ በሚሰካ ሞደም ነበር ኢንተርኔት የማገኘው። መካኒኩ በሚያውቀው ሾፌር በኩል አድራሻዬ ለልጁ ደረሰው። የመጀመሪያው መልእክት በመጣ ቀን አከራዬ ደጋግመው ሰምተው ሰምተው በመጨረሻ ማጉያውን በመዳፋቸው ሸፈኑት፤ ከእጃቸው በታች እየተናገረ እንዲቆይ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ብርጭቆ ቀይ የከርከዴ ሻይ ይዘው በሬ ላይ ይቆማሉ።

«መጣ ወይ?»

«አልመጣም፣ እማማ።»

«እንግዲህ ነገ።»

ለእኔ የሚልክልኝ ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ ያ «መጣ ወይ» የእኔም የቀኑ ትልቁ ነገር ሆነ። ስለዚህ እንደ ጥሩ መምህር ነገሩን በሥርዓት ልሠራው አሰብኩ። በየደቂቃው እየተነሣ መልእክት መኖሩን የሚጠይቅ፣ ካገኘ ደወል የሚደውል ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። አከራዬ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለለዩ ደስ እንዲላቸው ብዬ ፕሮግራሙን በልጃቸው ስም ሰየምኩት፣ በአማርኛ ፊደል።

ስህተቱ ምን እንደነበር ልንገርህ። በተማርኩበት ከተማ ኔትወርክ ሁልጊዜ አለ። ስትጠይቅ መልስ ይመጣል፤ ስለዚህ «መልስ ካጣህ ተመለስ» የሚል ትእዛዝ መጻፍ ትዝ አላለኝም። ኮኪት ግን ኔትወርክ የሚጠፋው በቀናት ነው። ፕሮግራሜ በየደቂቃው አንድ ጠያቂ ይልካል፣ ጠያቂው መልስ አያገኝም፣ እዚያው ቆሞ ይቀራል። በሚቀጥለው ደቂቃ ሌላ ይላካል። ኮምፒውተር ደግሞ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በሚያስጀምራቸው ሥራዎች ብዛት ላይ ጣሪያ አለው። ጣሪያው ሲሞላ ካልኩሌተር እንኳ አይከፍትልህም።

በመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ተስተካከለ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ አለ።

«ኡስታዝ፣ ማሽንህ ዛሬም አድማ መታች?»

«ጣሪያው ሞልቶ ነው። ከፍ ላደርገው ነው።»

«ምን እንደሞላው አየህ?»

«አያስፈልግም፣ ቁጥሩን መለወጥ ብቻ ነው።»

«ሞተር ሲጮህበት ጋዝ የሚጨምር ሾፌር አውቃለሁ» አለ። «ከእርሻው በእግሩ ነው የተመለሰው።»

ሳቅሁ። ቁጥሩንም ብዙ እጥፍ አሳደግሁት። በማግሥቱ ስህተቱ አልመጣም፤ በዚያው ሳምንትም አልመጣም። በደብተሬ «ችግሩ ተፈቷል» ብዬ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት። ዛሬ ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማስተምረው ይህንን ነው፦ ጣሪያውን ከመንካትህ በፊት ማን እንደሞላው እይ። ከየት እንደተማርኩት ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

ቅዳሜ ነበር፣ ስድስት ሰዓት ገደማ። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፤ ውጭ ዶሮ እንኳ አይንቀሳቀስም። የሞደሟ መብራት ድንገት ሰማያዊ ሆነች፤ ኔትወርክ መጣ። ከኮምፒውተሩ ማያ ጥግ ላይ የልጁ ስምና «የድምፅ መልእክት» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

«እማማ! መጣ!» ብዬ ጮህኩ።

ብርጭቆ በእጃቸው እንደያዙ ሮጠው ገቡ። መልእክቱን ተጫንኩት። አልተከፈተም። የማውሱ ቀስት ጭቃ ውስጥ እንደገባ ጎማ ትንሽ ሄዶ ይቆማል። ማራገቢያው ያጓራል፤ ያ የሞቀ አቧራ ሽታ ክፍሉን ሞላው። እንደገና ተጫንኩ። ጣሪያውን ከፍ ስላደረግሁት ኮምፒውተሩ እንደ በፊቱ «በቃኝ» ማለቱን ትቶ፣ የቆሙትን ሁሉ ተሸክሞ መተንፈስ አቅቶት ነበር። ኔትወርኩ ቢመለስም የቆሙት አልተነሡም፤ የጠየቁበት መስመር ቀድሞ ተቋርጧልና።

«ምን አለ?» ይላሉ አከራዬ። «ምን እያለ ነው?»

«አንድ ደቂቃ፣ እማማ።»

ምርጫ ሳጣ ማጥፊያውን ተጭኜ ያዝኩ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪነሣ መካኒኩም መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሲነሣ የሞደሟ መብራት ቀይ ነበረች። መልእክቱ ገና አልወረደም። አከራዬ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እስኪመሽ ከወንበሩ አልተነሡም። መብራቷ ቀይ እንደሆነች ቀረች።

እሑድ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ እየሠሩ ያሉትን በሙሉ በዝርዝር እንዲያሳየኝ ኮምፒውተሩን ጠየቅሁት። ከተነሣ አንድ ቀን እንኳ አልሞላውም፤ ዝርዝሩ ግን ወርዶ ወርዶ አያልቅም። በየመስመሩ ያው አንድ ስም። አከራዬ ከኋላዬ መቆማቸውን አላወቅሁም ነበር። በሌባ ጣታቸው ማያውን እየነኩ ፊደል በፊደል አነበቡ፣ ወደሚቀጥለው መስመር ወረዱ፣ እንደገና አነበቡ።

«ይኼ ሁሉ የእሱ ስም ነው?»

«የላክኋቸው ጠባቂዎች ናቸው፣ እማማ። አስፋልቱ ዳር መኪና የሚጠብቁትን ሠራተኞች አስቡ። እኔ በየደቂቃው አንድ ሰው እየላክሁ ‹መኪናው ሳይመጣ እንዳትመለስ› እለዋለሁ። መኪናው አልመጣም። መንገዱ በሰው ሞላ። መኪናው ሲመጣ ማለፊያ አጣ።»

አሰቡበት። «ታዲያ እነሱ ምን አጠፉ? እንዳትመለሱ ተብለው አይደል የቆሙት?»

«ጥፋቱስ የእኔ ነው። አሁን ላሰናብታቸው ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ትእዛዙ በእንግሊዝኛ የሚጠራበትን ስም አልነገርኳቸውም፤ «ግደል» ማለት ነው። ተጫንኩት፤ ማያው በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ፣ ማራገቢያውም ድምፁን ቀነሰ። አከራዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ባዶውን ማያ ያዩ ነበር።

ከዚያ ፕሮግራሙን እንደገና ጻፍኩት። በአንድ ጊዜ አንድ ጠባቂ ብቻ፤ ግማሽ ደቂቃ ጠብቆ መልስ ካጣ ይመለሳል፤ ካገኘ ድምፁን አውርዶ ያስቀምጣል፣ ይደውላል። ይህንኑ ሳስረዳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«አንዱ ከተመለሰ በኋላ ሌላው እስኪሄድ ማንም የለም ማለት ነው?»

«ለግማሽ ደቂቃ ብቻ። መልእክቱ ግን አይጠፋም፣ እማማ፣ ይቆያል።»

አላመኑኝም መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ ሳስተምር እሳቸው የክፍሌን ቁልፍ ተቀብለው ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጡ ጀመር።

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ክፍልፋይ እያስተማርኩ፣ ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። አከራዬ ናቸው፤ ጫማቸው ሁለት ዓይነት ነው።

«ደወለ» አሉ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ተከተልኳቸው።

መልእክቱ አጭር ነበር። ከኋላው ሞተር ይሰማል። «እማ፣ ደህና ነኝ። መኪናችን ነገና ከነገ ወዲያ ገላባት ይቆማል። ወረቀት ስለሌለኝ አልሻገርም። ድልድዩ ጋ ነይ፣ ከማዶም ቢሆን ልይሽ። ከዚያ ወደ ሰሜን ነው የምንሄደው፣ ሩቅ ነው። እጠብቅሻለሁ።»

«ነገ የሚለው መቼ ነው?» አሉኝ።

የተላከበት ቀን ማያው ላይ ተጽፏል። ልዋሽ እችል ነበር፤ ሐሳቡ መጥቶብኝም ነበር። «ያን ጊዜ ቅዳሜ ነው የላከው» አልኳቸው። «እማማ፣ ያን ቀን ብከፍተው ኖሮ ትደርሱ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ድገመው። መሃል ላይ ሳል የሰማሁ መሰለኝ።»

ደገምኩት። እውነትም መሃል ላይ ሳል ነበረ።

በማግሥቱ ጠዋት ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው በሬን አንኳኩ። «ድልድዩ ድረስ ውሰደኝ» አሉ። የለም፣ ሄዷል፣ ልላቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሚኒባስ ያስቆመልን መካኒኩ ነው። መስኮቱ ላይ ተደግፎ፣ «እማማን ጥላ ጋ አስቀምጣቸው፣ ኡስታዝ» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። ያን ጋዝ የሚጨምር ሾፌር ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ አላነሣብኝም።

መተማ ዮሐንስ ላይ ያለው ድልድይ እንደሚባለው ትልቅ አይደለም። ከማዶ፣ በገላባት በኩል፣ የጭነት መኪኖች ተሰልፈዋል፤ ጀለቢያ የለበሱ ሾፌሮች ከመኪናቸው ሥር ጥላ ይዘው ተኝተዋል። አከራዬ ከማዶ የሚመጣውን ሁሉ እያስቆሙ በዓረብኛ ጠየቁ። እንዲህ ያለ ልጅ፣ እንዲህ የሚስቅ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው። ሰዎቹ በአክብሮት ያዳምጡና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቀትር ላይ የሚጠየቅ ሰው አለቀ። ጥላ ይዤላቸው ነበር፤ አልተቀመጡም።

«አንተ ዓይንህ ደህና ነው» አሉኝ። «ከዚያ ማዶ የቆመ ሰው ይለያል?»

ተመለከትኩ። ከማዶ አንዱ ሾፌር ሻይ ሲያማስል ይታየኛል። «ይለያል፣ እማማ።»

«እንግዲያ አለመምጣቴን አይቷል።»

ጥላውን ትቼ አጠገባቸው ፀሐይ ላይ ቆምኩ።

ስንመለስ ከተቀመጥንበት አጠገብ ባለው መስኮት ሙቅ ነፋስና የታጨደ ሰሊጥ ሽታ ይገባ ነበር። አከራዬ ከአሥራ አንድ ቀን በላይ እንቅልፍ እንዳልነበራቸው ያወቅሁት ያኔ ነው። ገና ከከተማው ሳንወጣ ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ቀላል ነበሩ። አፋቸውን ትንሽ ከፍተው እንደ ሕፃን ይተነፍሳሉ።

ረዳቱ በሩን እየደበደበ፣ «ኮኪት! ወራጅ አለ?» አለ። መኪናው ቆመ። ረዳቱ ወደ እኛ አየ፤ ከጠዋት ያውቀናል። እንዳይነቁ ትከሻዬን ሳላንቀሳቅስ በዓይኔ ሂድ አልኩት። በሩ ተዘጋ፤ ግቢያችን፣ ትምህርት ቤቱ፣ የመጨረሻው የኮኪት ቤት በመስኮቱ አለፉ። እስከሚቀጥለው ከተማ፣ እስከ ገንዳ ውሃ ድረስ አልነቁም።