ያልሰጠሁት ጓንት

ባለፈው እሁድ ሐይቅ ከተማ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን በቴሌቪዥን ቦክስ እናያለን። ወጣቶቹ “ይሄ ሻምፒዮን ደካማ ደካማውን እየመረጠ ነው የሚገጥመው” ተባብለው ተጨቃጨቁና ወደኔ ዞሩ።

“ጋሼ፣ አንተም ሻምፒዮን ነበርክ አሉ። እስቲ ፍረድ!”

ነበርኩ። አሁን ከቦርጬ በቀር የሚገጥመኝ የለም እንጂ። ጎረምሳ ሳለሁ በከተማው የነበረን ሁለት ጥንድ ጓንት ብቻ ነው። አንዱን ሻምፒዮኑ ያጠልቃል፣ ሌላውን ሊገጥመው ለመረጠው ሰው ይሰጣል። እኔም ባለሱቁን፣ ልብስ ሰፊውን፣ አንዴማ ጉንፋን የያዘውን አስተማሪያችንን መርጫለሁ።

ከተመልካቹ ፊት ግን ሁልጊዜ አንድ ዓሣ አጥማጅ ይቀመጥ ነበር። እሁድ እሁድ ለግጥሚያው ብሎ ገና ከጠዋቱ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚውለው። ክንዱን አይና ቶሎ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ጓንቱን በሱ አናት ላይ አሳልፌ ለሌላ ስሰጥ እየሳቀ፣ “አብሽር ወንድሜ፣ ለሚመጣው እሁድ” ይለኛል።

አንድ እሁድ ጠዋት ታንኳው ሐይቁ ላይ ተገለበጠችበት። አስከሬኑን ካወጡት አንዱ ነበርኩ። ጨርቁ እጁ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጓንት አላጠለቅሁም። ሰው ግን “ሳይሸነፍ የተወ” ይለኛል።

“ፍረድ እንጂ ጋሼ!”

“ይመርጣል” አልኳቸው። “ያልመረጠውንም ሰው አይረሳውም።”

“እሺ፣ ከፊት ወንበር ላይ ያለውን ኮትህን አንሳውና እንቀመጥ” አለ አንዱ ወጣት። “ሁሌ ለማይመጣ ሰው ቦታ ትይዛለህ!”

ሁሉም ሳቁ። ኮቴን ግን አላነሳሁም።